ጥሩምባው ሳይነፋ የሚደርስ እራት

ትናንት አመሻሽ ላይ የልጄ ሚስት ሰላም ከቢሮ ገባችና ቦርሳዋን እንኳ ከትከሻዋ ሳታወርድ፣ «እማማ፣ ዛሬ ደግሞ ምን ልሥራ? ልጆቹ ርቧቸዋል፤ እኔ ደግሞ ድክም ብሎኛል» አለችኝ። በየቀኑ የምትጠይቀኝ ጥያቄ ነው፤ እኔም በየቀኑ «ያገኘሽውን» እላታለሁ። ከገበያ ይዛው የገባችው ቆጮ በኮባ ቅጠል ተጠቅልሎ ነበር። ፈታ ስታወጣው ቅጠሉን ቡታጋዙ ጥግ ጣል አደረገችውና እሳቱ ጫፉን ለብለብ አደረገው። ኮባ ሲሞቅ የሚሸተውን ሽታ እዚህ አገር ያደገ ሁሉ ያውቀዋል፤ ላላደገ ሰው ግን እንዴት ብዬ ላስረዳ? ብቻ ዓይኔ ሞላ። «ምነው እማማ?» አለች። «ጭሱ ነው» አልኳት። «ቡታጋዝ ደግሞ መቼ ይጨሳል?» ብላ ሳቀችብኝ። ምን ልበላት? ሰባ ዓመት ሊሞላው ትንሽ የቀረውን ነገር፣ ሽንኩርት እየላጠች ላለች፣ ልጆች ቀሚሷን ለሚጎትቷት ሴት ከየት ጀምሬ ልንገራት? እሷ ሥራዋን ትሥራ። እኔ ለእናንተ ልንገራችሁ።

ሶዶ ያኔ ዛሬ የምታዩዋት ሶዶ አይደለችም። ዳሞታ ተራራ ያው ነው፤ እሱ ምን ይሆናል! ከሥሩ ግን የሳር ቤቶች ተበትነው ነበር እንጂ እንዲህ ባጃጅ የሚጋፋበት ከተማ አልነበረም። ዝናብ ካባራ በኋላ ገበያው ዳር ቆመን ቁልቁል ስናይ አባያ ሐይቅ በሩቁ ይታየናል። አሁን ባንክ ቤት ያለበት ማዕዘን ላይ ትልቅ የሾላ ዛፍ ነበር፤ አባቴ አቶ ወልዴ ከዛፉ ሥር ቁጭ ብሎ ለሰው ደብዳቤና አቤቱታ ይጽፍ ነበር። አባቱ ከሰሜን ከሹማምንት ጋር የመጡ ሰው ናቸው፤ እሱ ግን እዚሁ ተወልዶ ወላይትኛውን እንደ ውሃ ይጠጣው ነበር። ካኪ ኮት ነበረችው፣ ባለ አራት ኪስ። በአንደኛው ኪስ ብዕር፣ በሌላኛው ለእኔ የተቆላ ሽምብራ። አንድ ደብዳቤ ለማጻፍ ሰው ሁለት ዕንቁላል ወይም አንድ እስር ጎመን ይዞ ይመጣል፤ ጨው ያመጣለት ቀን ደግሞ እናቴ ዘፈን ትጀምራለች። ጨው ያኔ ጨው ነበረ! አሁን በፕላስቲክ ተከምሮ ሲታይ ማን ያከብረዋል?

ሁለት ነገር ስለ አባቴ ማወቅ አለባችሁ። አንደኛው፣ እራት ሲበላ የመጨረሻዋን ጉርሻ አይበላትም። ጠቅለል አድርጎ ሳህኑ ጥግ ያስቀምጣታል፤ እሷ የእኔ ናት። የብዙ ቤት አባት እንዲህ ያደርጋል፤ የእኔ አባት ግን ረስቶ አያውቅም። ሁለተኛው ጾም ነው። በሌላው ነገር ሁሉ ሲስቅ ሲቀልድ የሚውል ሰው፣ በጾም ግን ከእሱ ጋር ቀልድ የለም። አንድ ጊዜ ወባ ይዞት ሊሞት ደርሶ ቄሱ ራሳቸው ቤት ድረስ መጥተው፣ «ወልዴ፣ እኔ ፈቅጄልሃለሁ፣ ዓርብም ቢሆን ወተቱን ጠጣ» ብለው ለምነውታል። «አባቴ፣ እርስዎ ፈቀዱ፤ እኔ አልፈቀድኩም» ብሎ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። እናቴ ለዓመታት ይሄን እያነሳች ትናደድበት ነበር። «ግትር!» ትለዋለች፣ ሲወጣ ደግሞ በኩራት ለጎረቤት ታወራዋለች።

ከዚያ ጣልያን መጣ። የእሱን ነገር የሚጽፉ አሉ፤ እነሱ ይጻፉት። እኔ የማውቀው አንድ ቀን አባቴ ለማን እንደሆነ ያልተነገረን ደብዳቤ ጽፈሃል ተብሎ ከሾላው ሥር መወሰዱን ነው። በዚያው ሳምንት የጎረቤታችንን ባል አቶ አንጁሎንም ወሰዱት። እሱ የወላይታ ሰው፣ ሸማኔ፣ ሚሲዮኖች ባመጡት በአዲሱ ሃይማኖት የሚያምን ነው፤ የእሱ ጥፋት ከጓደኞቹ ጋር በአንድ ሳር ቤት ተሰብስቦ መዘመሩ ነበር። ሁለቱንም ዳገቱ ላይ ባለው እስር ቤት ከተቷቸው። መጎብኘት የለም፣ ድምፅ መስማት የለም። መንግሥት ደግሞ እስረኛ አያበላም፤ ቤተሰብ ያለው ቤተሰቡ ያመጣለታል፣ የሌለው እንደምንም ነው። ምግብ የሚገባው በቀን አንድ ጊዜ፣ ማታ ነው። ባንዲራው ሲወርድ ጥሩምባ ይነፋል፤ ጥሩምባው ከተነፋ በሩ ተዘጋ፣ ያ ሰው ጦሙን አደረ ማለት ነው። የአባቴ ሕይወት እንግዲህ በዚያች ጥሩምባና በእኛ ድስት መሐል ቀረች።

እናቴ ብዙነሽ ሥራ መያዝ ነበረባት፤ ለሰፈሩት ወታደሮች ልብስ ታጥብ ጀመር። ጠዋት ወጥታ ጸሐይ ልታዘቀዝቅ ስትል ነው የምትመለሰው፣ እጇ በሳሙና ነጥቶና ተሰነጣጥቆ። የአንጁሎ ሚስት ባሎቴ ደግሞ ቅቤ ነጋዴ ነበረች፤ ዛሬ ጠበላ ገበያ፣ ነገ በዴሳ፣ ሌላ ቀን ሶዶ፤ ሁሉም በእግር፣ ቅቤው በቅል ተሞልቶ ጀርባዋ ላይ። እኔ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነኝ፣ ቤት የምውለው እኔ ነኝ። ሁለቱ ሴቶች ሲመለሱና ጥሩምባው ሲነፋ መሐሉ አንድ ሰዓት ቢሆን ነው፤ ከእሱም ዳገቱ ይቀነሳል።

የመጀመሪያዎቹን ሦስት ቀናት እናቴ ግትርነቱ የባሏ ብቻ እንዳልሆነ አሳየችን። «ባሌ እስር ቤት ገባ ተብሎ ምናምን አይበላም!» ብላ ሽንኩርቱን ታቁላላለች፣ በርበሬውን ታቁላላለች፣ ውሃ ጠብ እያደረገች፣ እያማሰለች፣ ልክ እንደ እንግዳ ቀን። ወጡ ደርሶ ዳገቱን ስንወጣ ጥሩምባው ከፊታችን ተነፋ። በሁለተኛውም ቀን እንዲሁ። በሦስተኛው ቀን በሩ ሲዘጋ አየነው፤ ዘበኛው በእጁ «ሂዱ፣ ሂዱ» አለን። ወጡን ይዘን ተመለስን። እናቴ ድስቱን መሬት አስቀምጣ ታየዋለች፣ እኔም አየዋለሁ፤ አንዳችንም አልቀመስነውም። ባሎቴ በዚህ መሐል ከአጥሩ ወዲያ ተሻግራ ገባች። የእሷ ባል ሦስቱንም ቀን በልቷል። ቆማ አየችንና፣ «ብዙነሽ፣ ይሄ ወጥህ ቆንጆ ነው» አለች። «በሩ ግን ለቆንጆ ወጥ አይጠብቅም።» ባሎቴ አማርኛን በገበያ ነው የለመደችው፤ ሴቱን ሁሉ «አንተ» ትላለች፣ እኔንም እስክትሞት ድረስ «አንተ የሺ» እንዳለችኝ ነው። እኔ ደግሞ እሷን «አዬ» እላት ነበር፣ ወላይታዎች እናታቸውን እንደሚጠሩት።

ከማግሥቱ ጀምሮ በባሎቴ ሥርዓት ገባን፤ ሁለት ቤት፣ አንድ ምድጃ። ወይ ጉድ፣ ያቺ ሴት ጊዜን እንዴት እንደምታጥፈው! ጠዋት ከመውጣቷ በፊት ቦይናውን፣ ጎደሬ የምትሉትን፣ ከነልጣጩ ትኩስ አመድ ውስጥ ትቀብረዋለች። ቀኑን ሙሉ እሱ በራሱ ይበስላል፤ ማታ ማውጣት፣ መላጥ፣ ከዳጣ ጋር ማቅረብ ብቻ ነው። ዳጣውን ጠዋት እኔ እወቅጠዋለሁ፦ ቃሪያ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ ጨው ከተገኘ ጨው። ቆጮውን ቀን ሥራ ፈትቼ ስውል እከትፈዋለሁ፤ ማታ ምጣድ ላይ ሞቅ አድርጎ በቅቤና በዳጣ ማሸት፣ እሱ ሙቹዋ ነው፣ ቅቤው በየጣቶቻችሁ መሐል ሲወርድ ደግሞ ሌላ ነገር ነው። ጎመን ከበቆሎ ዱቄት ጋር አንድ ላይ ተቀቅሎ የሚሠራውን ፎሰሴ ደግሞ ጎመኑን በጣም ካደቀቃችሁት ውሃው አንዴ ሲፈላ ይበስላል። ለወጥ የለመደችው እናቴ መጀመሪያ ላይ አፍንጫዋን ትይዝ ነበር። ከሳምንት በኋላ ግን ድስቱን በጣቷ ስትጠርግ ያዝኳት። «ምን ታያለሽ?» አለችኝ፣ «የቀመስኩት ጨው እንዳይበዛ ነው።»

ረቡዕና ዓርብ ሥርዓቱ ሌላ ነው። ድስቱ አንድ ነው፣ አፎቹ ሁለት ዓይነት ናቸው። አባቴ ይጾማል፣ አንጁሎ አይጾምም። ስለዚህ ፎሰሴው እንደበሰለ የአባቴ መጀመሪያ ይወጣል፣ ትንሽ የኑግ ዘይት ጠብ ይደረግበታል፤ ከዚያ ድስቱ ውስጥ ቅቤ ይገባና የአንጁሎ ይወጣል። ኮባውን እሳት ላይ ለብለብ አድርጌ ሳለሰልሰው አይቀደድም፤ የሸክላ ጣባዎቹ ላይ አነጥፈዋለሁ፣ ምግቡን አስገብቼ አጥፈዋለሁ፣ የአንጁሎን በቃጫ፣ የአባቴን በነጭ ክር አስራለሁ። ከዚያ ሩጫ። ባሎቴ እየሮጠች በወላይትኛ መዝሙር ታጉረመርማለች፤ የዘበኛው ባርኔጣ ሲታያት ታቆማለች። ዘበኛው ምግቡን በእንጨት ወጋ ወጋ ያደርገዋል፣ ወረቀት እንደሆነ የሚፈልገው ወረቀት የለም፤ ከዚያ የትናንቱን ባዶ ጣባ ይመልስልናል።

ባዶ አልኳችሁ እንጂ የአባቴ ጣባ ባዶ ሆኖ አያውቅም። ቅጠሉ ጥግ ላይ አንዲት ጉርሻ አለች፣ የደረቀች፣ አንዳንዴ ጉንዳን የቀመሳት። የእኔ ጉርሻ! ዳገቱን እየወረድን እበላታለሁ። እናቴ ከአፌ ላይ ዓይኗን አትነቅልም። «ትቶልሻል?» ትላለች። «ትቶልኛል» እላለሁ። «እንግዲያስ ደህና ነው» ትላለች። ሌላ ወሬ አልነበረንም፤ ደብዳቤ የለ፣ መልእክት የለ። ለሌላው ሰው ደብዳቤ ሲጽፍ የኖረ ሰው ለእኛ የሚልከው አንዲት ጉርሻ ነበረች፤ በእሷ ነበር የምንኖረው። ክረምቱ እንዲህ አለፈ። ፍልሰታ ገባ፣ አሥራ አምስቱንም ቀን የእሱን ያለ ቅቤ አወጣን። ፍልሰታ ተፈታ፣ ዘመን ተለወጠ፣ መስቀል ሆነ። ባሎቴ ለመስቀል ከመንደሯ ሥጋ አምጥታ ለሁለቱም ላክን፤ በማግሥቱ ጉርሻዬ ከሥጋ ጋር መጣች።

ከመስቀል በኋላ አንድ ረቡዕ ሰማዩ ተቀደደ። ባሎቴ በዴሳ ሄዳለች፣ ወንዙ ሞልቶባታል። እናቴም ልብሱ አልደርቅ ብሎ ይዘዋታል። እኔ ብቻዬን ነኝ፣ እንጨቱ ርሷል፣ እሳቱ አልያዝ አለኝ፤ እፍ ስል፣ ስስል፣ ሳለቅስ ስንት ጊዜ እንደባከነ እንጃ። ፎሰሴው መቼም ፈላ። ጸሐይ በሌለበት ቀን ሰዓቱ አይታወቅም፤ ጥሩምባው አሁን ተነፋ፣ አሁን ተነፋ እያልኩ ጆሮዬ ዳገቱ ላይ ነው። ቅሉን አነሳሁና ቅቤውን ሙሉ ማንኪያ ድስቱ ውስጥ ጨመርኩ፣ አማሰልኩት። ካማሰልኩት በኋላ ነው የአባቴን እንዳላወጣሁ ያየሁት። ወይኔ! ማንኪያውን እንደያዝኩ ቆምኩ። ሌላ ለመሥራት ጊዜ የለም። ምንም ካልወሰድኩ ጦሙን ያድራል። ከወሰድኩ ወይ አይበላውም፣ ወይ በልቶ እኔ ጾሙን አስገደፍኩት ማለት ነው። አሥራ ሁለት ዓመት ነው ዕድሜዬ፤ ምን ላድርግ? በሁለቱም ጣባ አደረግኩት፣ በክርና በቃጫ አሰርኩ፣ በጭቃው ላይ እየወደቅኩ ሮጥኩ። ደረስኩ። እናቴ ስትመጣ፣ «ደረስሽ?» አለችኝ። «ደረስኩ» አልኳት። ስለ ቅቤው ትንፍሽ አላልኩም።

ሐሙስን እንዴት እንደዋልኩ አትጠይቁኝ። ማታ ሦስታችንም ወጣን፤ ዘበኛው ጣባዎቹን መለሰ። ባለ ነጭ ክሩን እናቴ ሳታየው ልቀማው ፈልጌ ነበር፤ እሷ ቀደመችኝና ቅጠሉን ገለጠችው። ጥርግ ተደርጎ ተበልቷል። ጥጉ ላይ ጉርሻዬ አለች። ቅጠሉ ላይ ደግሞ ቅቤው ረግቶ ቢጫ ሆኖ ይታያል። እናቴ በጣቷ ነካችው፣ አሸተተችው።

«ይሄ የአንጁሎ ነው» አለች፣ «ክሩ ተለዋውጦ ነው።»

«የአባባ ነው እማዬ» አልኳት። አልቻልኩም፣ ማልቀስ ጀመርኩ። «ትናንት ተሳስቼ ቅቤውን ቀድሜ ጨመርኩት። እኔ ነኝ ያስገደፍኩት። አባባ ምን ያድርግ፣ ርቦት ነው...»

እጇ ተነሳ። በጥፊ ልትለኝ ነው ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። ምንም አልመጣም። ዓይኔን ስገልጥ እጇ እዚያው አየር ላይ ነው፣ እሷ የምታየው ግን እኔን አይደለም።

«በላው?» አለች ቀስ ብላ።

«በላው።»

«ረቡዕ ቀን? ወልዴ? ቅቤ?»

እናቴ መንገዱ ዳር ጭቃው ላይ ቁጭ አለች፤ ታጥቦ የዋለ ቀሚሷ ምን እንደሚሆን ሳታስብ። «አባትሽ አይደለም የበላው» አለች።

«ጉርሻዬን እኮ ትቶልኛል!» ብዬ ጮህኩባት። በእናቴ ላይ ስጮህ ያኔ የመጀመሪያዬ ነው። ጉርሻዋን አንስቼ አሳየኋት፣ ሊሆን እንደማይችል ላስረዳት። እሷ ወደ ባሎቴ ዞረች። ባሎቴ ሁለት እጇን አፏ ላይ አድርጋ ቆማለች፤ እስር ቤቱ ውስጥ ሆኖ ያቺ ጉርሻ ለማን እንደምትቀመጥ የሚያውቅ ሌላ ሰው አንጁሎ ብቻ እንደሆነ ሁለቱም አውቀውታል። «ብዙነሽ፣ እኔ አላወቅኩም» አለች። «በእግዚአብሔር፣ በእናቴ፣ አላወቅኩም።» እናቴ፣ «አውቃለሁ ባሎቴ፣ አንቺ ምን ታውቂያለሽ» አለቻት።

ዘበኛውን ተመልሰን ጠየቅነው። «ወልዴ? አለ፣ ደህና ነው» አለ። ምን ቸገረው? ስሙን ሳያዳምጥ ነው የመለሰልን። ሰው ሞተብኝ ብሎ ለመጮህ እንኳ ሬሳ ይፈልጋል፤ መርዶ ነጋሪ ይፈልጋል። እናቴ ምን ይዛ ትጩህ? ጎረቤቱ ሲመጣ፣ «ቅጠል ላይ ቅቤ አየሁ» ትበል? ጥቁር አልለበሰችም፣ ጸጉሯን አልተላጨችም፣ ድንኳን አልተጣለም። ዓርብ ከሥራ ስትመለስ እኔ ምድጃው አጠገብ ቁጭ ብዬ ነበር፣ እሳት ሳላነድ። «ምን ቁጭ ትያለሽ?» አለችኝ። «ጎመኑን ክተፊ እንጂ።» ከተፍኩ። የአባቴን መጀመሪያ አወጣች፣ ኑጉን ጠብ አደረገችበት፣ ከዚያ ለአንጁሎ ቅቤውን ጨመረች። ከዚያ በኋላ ስንት ረቡዕ፣ ስንት ዓርብ፣ የሁዳዴን ጾም ሙሉ፣ እንደዚያው አደረገች። አንድ ቀን እንኳ አልዘለለችም። እኔ ዛሬ ድረስ መሞቱን ታምን ይሁን አታምን አልገባኝም፤ ምናልባት ሁለቱንም ነበር። ጉርሻዋ እንደሆን በየቀኑ መጣች። እኔ አልበላኋትም። ልጥላትም አልቻልኩ፤ ዳገቱ ግማሽ ላይ ካለ ድንጋይ ሥር አስቀምጣት ነበር፣ ወፍ ይበላት እንደሆን እንጃ።

ግንቦት አካባቢ ጣልያን ወጣ፣ የእስር ቤቱ በር ተከፈተ። ሰው ሁሉ ወደ ዳገቱ ሲሮጥ እናቴ ከቤት አልወጣችም። አንጁሎ የራሱን ደጅ አልፎ እኛ ቤት መጣ። ያ እንደ ግንድ የነበረ ሸማኔ አጥንቱ ወጥቷል፣ ባሎቴ በአንድ ክንዱ ይዛዋለች። በራችን ላይ ቆመ።

«ግባ አንጁሎ፣ ተቀመጥ» አለችው እናቴ።

«አልቀመጥም እሜቴ። ከተቀመጥኩ አልናገርም።» ራሱን ዝቅ አድርጎ ነው የሚናገረው፣ እሱም እንደ ሚስቱ በገበያ አማርኛ። «አቶ ወልዴ ሞቷል። ፍልሰታ ሊገባ ሳምንት ሲቀረው። ሆዱን ነው ያመመው። በእጄ ነው የሞተው። ‹የልጄን ጉርሻ አታስቀርባት› አለኝ። እኔም አላስቀረሁም።»

«ለምን አልላክህብኝም?» አለች። «በምንም በምንም ብለህ፣ ክሩን ቋጥረህ፣ ጣባውን ሰብረህ...»

«እውነቱን ልንገርህ እሜቴ» አለ አንጁሎ። «አደራው አንድ ነው። ሌላም አለ። እዚያ ውስጥ አራት ሰዎች ነበሩ፣ ከዲምቱ በታች የመጡ፣ ምግብ የሚያመጣላቸው ሰው የሌላቸው። የአቶ ወልዴን እራት እነሱ በሉ። ብልክብህ እራቱ ይቀራል ብዬ ፈራሁ። በደልኩህ፣ አውቃለሁ። ያ ረቡዕ ደግሞ ቅቤ ሲመጣ እኛ ደስ አለን እንጂ ረቡዕ መሆኑን ማን አሰበ!»

እናቴ ትጮህበታለች ብዬ ጠበቅኩ። እኔ ራሴ ልጮህበት ፈልጌ ነበር፤ ስንት ወር ሙሉ ያታለለኝን ጉርሻ ፊቱ ላይ ልወረውርበት ፈልጌ ነበር። እሷ ግን፣ «ለአራት ይበቃቸው ነበር?» አለችው።

«አይበቃም ነበር።»

«አሳንሰን ነበራ የምንልከው» አለችና ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። ቆይታ ደግሞ፣ «በምን ቀን ነው ያረፈው?» አለች።

«ዓርብ፣ ሊነጋ ሲል። ሐሙስ ማታ ግን በልቷል እሜቴ። ደህና አድርጎ በላ። የልጁንም ጉርሻ ራሱ ነው ያስቀመጣት፣ በእጁ።»

«ምን በላ?»

አንጁሎ ቀና አለ። አስቦ አስቦ ራሱን ነቀነቀ። «እንጃ» አለ። «በላ። ጥሩ ነው አለ። ምን እንደነበር ግን...» እናቴ ወደ ባሎቴ ዞረች። ባሎቴም አታውቅም፤ ሐሙስ ሐሙስ ደክሟት ነው የምትገባው፣ ያገኘነውን ነው የምንጥደው። ከዚያ ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ምግቡን የሠራሁት እኔ፣ በማግሥቱ ዳገቱን እየወረድኩ የአባቴን እውነተኛ የመጨረሻ ጉርሻ የበላሁትም እኔ ነኝ። ያንን ሁሉ ማታ ዛሬ እዚህ ቁጭ ብዬ ልቆጥርላችሁ እችላለሁ፤ የሦስተኛውን ቀን ወጥ፣ የመስቀሉን ሥጋ፣ የእሳቱን ጭስ። ያ ሐሙስ ግን የለም። እንደ ሌላው ቀን ነበራ፣ ተጣድፈን ሠራን፣ ሮጥን፣ ደረስን፤ ደስ ብሎን ተመለስን።

እናቴ ከዚያ በኋላ ሠላሳ ዓመት ኖረች። አርጅታ ዓይኗ ከደከመ በኋላ እንኳ ማታ ማታ ምድጃው አጠገብ ከእኔ ጋር ትቀመጥ ነበር። አንዳንዴ ሽንኩርት እየላጠች እጇን ታቆማለች። «የሺ፣ ጎመን ሳይሆን ይቀራል?» ትለኛለች፣ ስለ ምን እንደሆነ ሳትነግረኝ። «አዎ እማዬ፣ ጎመን ነው» እላታለሁ። ራሷን ትነቀንቅና መላጧን ትቀጥላለች። ከሳምንት በኋላ ደግሞ፣ «አይደለም፣ ቦይና ነው መሰለኝ፤ ሐሙስ አመዱ ውስጥ ቀብረን ነበር» ትላለች። «አዎ፣ ቦይና ነው» እላታለሁ።